ከኋላ የሚገፋ ፒክአፕ በበረዶ ወራት፦ የክብደት፣ የጎማና የፍሬን ጉዳይ



በሰሜን አሜሪካ ቀዝቃዛ ግዛቶች፣ በተለይም በሚኒሶታ፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት አስፋልቱ በረዶ የለበሰ ወይም ሊለብስ የተቃረበ ነው። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል በአንድ የብርድ ወቅት የሚጥለው በረዶ ሲደመር በአማካይ ከ1 ሜትር ይበልጣል፤ በጥር ሌሊቶችም የሙቀት መጠኑ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መውረዱ ብርቅ አይደለም። በዚህ መንገድ ላይ በየማለዳው ከሚወጡት ተሽከርካሪዎች አንዱ የሞተሩ ኃይል ለኋላ ጎማዎቹ ብቻ የሚደርስ ፒክአፕ ነው። ይህ መኪና አራቱም ጎማዎቹ ከሚነዱት፣ በተለምዶ ፎር ዊል ከሚባለው፣ በዋጋ ስለሚረክስና በአሠራሩም ቀለል ስለሚል፣ ለግንባታ ባለሙያው፣ ለቀለም ቀቢው፣ ለዕቃ አጓጓዡና ለጥገና ሠራተኛው የዕለት እንጀራ ማግኛ ሆኖ ይኖራል። በሚኒሶታ፣ በኮሎራዶና በካናዳዋ አልበርታ ኑሮአቸውን ከመሠረቱ ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ መንዳት የተማሩት ፈተናው ጭቃና አቧራ በሆነበት አገር ስለሆነ፣ ከዚያ ይዘውት የመጡት ልምድ በበረዶ ላይ ከፊሉ ይጠቅማል፤ ከፊሉ ግን ያሳስታል።

የዚህ ዲስኩር ፍሬ ሐሳብ አንድ ነው። መኪናን በበረዶ ላይ እንዲሄድ ማድረግና በበረዶ ላይ እንዲቆም ማድረግ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። በጭነት ቦታው ላይ ለክብደት የሚከመር አሸዋ፣ ለኋላ ጎማዎች ኃይል የሚያካፍል ልዩ ዲፈረንሻልም ሆነ ፎር ዊል በዋናነት የሚያግዙት መሄድን ሲሆን፣ ለብርድ ተብሎ የተሠራ ጎማ ግን መሄድን፣ መታጠፍንና መቆምን በአንድነት ያግዛል። ስለዚህ የአሽከርካሪው ገንዘብም ሐሳብም አስቀድሞ ወደ ጎማው መሄድ አለበት፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ በየተራው ይመጣል።

ይህን ለመረዳት መነሻው ሰበቃ ነው። ሰበቃ ማለት ሁለት ነገሮች ተነካክተው አንዱ በሌላው ላይ እንዳይንሸራተት የሚከለክለው ኃይል ሲሆን፣ ጎማ መኪናን ወደ ፊት መግፋት የሚችለው፣ ማቆምና ማጠፍም የሚችለው በዚሁ ኃይል ብቻ ነው። የሰበቃው ልክ በሁለት ነገሮች ይወሰናል፤ አንደኛው በጎማው ላይ ያረፈው ክብደት ሲሆን፣ ሁለተኛው ጎማውና መንገዱ ምን ያህል እንደሚያያዙ የሚገልጸው የሰበቃ ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር በደረቅ አስፋልት ላይ ከ0.7 እስከ 0.8 አካባቢ ሲሆን፣ መኪና ረግጦ በጠቀጠቀው በረዶ ላይ ወደ 0.2 ወይም 0.3 ይወርዳል፤ በግግር በረዶ፣ ማለትም ቀልጦ መልሶ እንደ መስታወት በረጋው ላይ፣ ወደ 0.1 ወይም ከዚያ በታች ያሽቆለቁላል። ከሁሉም የሚያዳልጠው እጅግ የቀዘቀዘው በረዶ ሳይሆን፣ ሙቀቱ ወደ ዜሮ የተጠጋውና ላዩ በስሱ የረጠበው ነው፤ በመሆኑም ብርዱ በረድ ያለበት ቀን ለአሽከርካሪው የበለጠ አደገኛ ሊሆን ይችላል።

ከኋላ የሚገፋው ፒክአፕ በዚህ ረገድ የተለየ ችግር አለበት። መኪናው የተነደፈው ከኋላ ጭነት እንዲሸከም ስለሆነ፣ ባዶውን ሲሆን ሞተሩ፣ የማርሽ ሳጥኑና ጋቢናው ወደ ፊት ያደላሉ፤ በዚህም ምክንያት ከጠቅላላ ክብደቱ ከ55 እስከ 60 በመቶ የሚሆነው በፊት ጎማዎች ላይ ያርፋል። ኃይል የሚደርሳቸው ጎማዎች የቀለለው ጫፍ ላይ ያሉት ናቸው ማለት ነው። የሞተሩ ጉልበት መብዛት ይህን አያርመውም፤ እንዲያውም ጉልበቱ ሰበቃው ከሚችለው ሲያልፍ ጎማው ባለበት ይዞራል፣ በረዶውንም አለስልሶ ወደ ግግርነት ይለውጠዋል።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይረዳል። 2000 ኪሎ ግራም የሚመዝንና ከክብደቱ 42 በመቶው፣ ማለትም 840 ኪሎው፣ ከኋላ ያረፈ ፒክአፕ ለምሳሌ ይወሰድ። የሰበቃ ቁጥሩ 0.2 በሆነ የተጠቀጠቀ በረዶ ላይ የኋላ ጎማዎቹ ሊሰጡት የሚችሉት ግፊት ከ168 ኪሎ ክብደት ጋር የሚመጣጠን ነው፤ ይህም ጥቃቅን ተጽዕኖዎች ሳይታሰቡ በየ100 ሜትሩ 8.4 ሜትር የሚነሣ ዳገት ያስወጣል። በኋላ አክስሉ ላይ፣ ማለትም ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በሚያገናኘው ዘንግ ልክ፣ 150 ኪሎ አሸዋ ቢጫን፣ ከኋላ ያረፈው ክብደት 990 ኪሎ፣ ግፊቱም 198 ኪሎ ይሆናል፤ ነገር ግን የሚወጣው ሸክምም ስለ ጨመረ መኪናው የሚወጣው ዳገት ወደ 9.2 ሜትር ብቻ ከፍ ይላል። አሸዋው ሳይጫን የሰበቃ ቁጥሩን ወደ 0.3 የሚያሳድግ የብርድ ጎማ ቢገጠም ግን ዳገቱ 12.6 ሜትር ይደርሳል፤ ሁለቱ ሲጣመሩ ደግሞ 13.8 ሜትር ይሆናል። ከሐይቅ ዳርቻ ጀምሮ በገደላማ ኮረብታ ላይ በተሠራችው በሚኒሶታዋ ዱሉዝ ከተማ ለሚነዳ ሰው ይህ ልዩነት ከቤት በመድረስና መንገድ ላይ በመቅረት መካከል ያለ ልዩነት ነው።

የማቆሙ ስሌት ከዚህም የከበደ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ፍሬን ከተያዘበት ቅጽበት ጀምሮ በደረቅ አስፋልት ላይ 12 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል፤ የሰበቃ ቁጥሩ 0.3 ሲሆን 33 ሜትር፣ 0.2 ሲሆን 49 ሜትር፣ በግግር በረዶ ላይ 0.1 ሲሆን ደግሞ 98 ሜትር ይፈልጋል። በዚህ ስሌት ውስጥ የመኪናው ክብደት አይገባም፤ ምክንያቱም ክብደት ሲጨምር ሰበቃውም መቆም ያለበት ግዝፈትም እኩል ስለሚጨምሩ አንዱ ሌላውን ያጣፋዋል። አራቱም ጎማዎች በሞተር ቢነዱም ይህ ርቀት አያጥርም፤ ፍሬን በየትኛውም መኪና ላይ ድሮም አራቱንም ጎማዎች ይይዛልና። አሸዋ ጭኖ ዳገቱን በቀላሉ የወጣ አሽከርካሪ ቁልቁለቱንም በዚያው ልብ ከወረደ፣ መውጣት ያስቻለው ነገር ለመቆም እንደማይረዳው የሚያውቀው መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲደርስ ነው።

እንግዲህ ጎማው የሁሉ መሠረት ከሆነ፣ የብርድ ጎማ ከተራው ጎማ የሚለየው በምንድን ነው? ልዩነቱ በሁለት ነገሮች ላይ ነው። የመጀመሪያው የላስቲኩ ቅመም ነው። ለበጋ የተሠራ ላስቲክ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ መድረቅና መጠንከር ስለሚጀምር፣ ከመንገዱ ጥቃቅን ጉድጓዶችና እብጠቶች ጋር መግጠም ያቅተዋል፤ የብርድ ጎማ ግን ሲሊካ የተባለው ማዕድን በብዛት ስለሚገባበት በከባድ ቅዝቃዜም ልስላሴውን ይዞ ይቆያል። ሁለተኛው የጥርሱ አቀራረጽ ነው። የጎማውን ጥርስ ቀረብ ብሎ የተመለከተ ሰው በእያንዳንዱ ጉጥ ላይ በቢላ የተሠነጠቁ የሚመስሉ፣ እንደ ማዕበል የሚጥመለመሉ ቀጫጭን ስንጥቆችን ያያል። ጎማው መሬት ሲረግጥ ስንጥቆቹ በጥቂቱ ይከፈታሉ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጠርዞችም በረዶውን ይቧጥጣሉ። በጥርሶቹ መካከል ያሉት ሰፋፊ ቦዮች ደግሞ በረዶ ይሞላሉ፤ በረዶ ከላስቲክ ይልቅ ከበረዶ ጋር አጥብቆ ስለሚያያዝ፣ ቦዩን የሞላው በረዶ ራሱ መንገዱን ይይዛል። የጭቃ ጎማ ቦዩን እንዲያጸዳ ሲፈለግ የበረዶ ጎማ በረዶውን እንዲያቅፍ የሚፈለገው በዚህ ምክንያት ነው።

ገዢው ልዩነቱን በጎማው ጎን ላይ ከታተመው ምልክት ማወቅ ይችላል። ኤም እና ኤስ የሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ለጭቃና ለበረዶ የሚል ትርጉም ቢኖራቸውም፣ የሚናገሩት ስለ ጥርሱ ቅርጽ ብቻ ነው፤ ጎማው በበረዶ ላይ ተፈትኖ አለፈ ማለት አይደለም። ሦስት ጫፍ ባለው ተራራ ውስጥ የበረዶ ቅንጣት የተሳለበት ምልክት ግን በሰሜን አሜሪካ የጎማ አምራቾች እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረ ሲሆን፣ ጎማው በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ የመሳብ ፈተና አልፏል ማለት ነው። መንግሥታትም ጉዳዩን በሕግ ይዘውታል። የካናዳዋ ኬቤክ ግዛት የብርድ ጎማን እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ግዴታ ያደረገች ሲሆን፣ አሁን የግዴታው ጊዜ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 ነው። ኮሎራዶ ደግሞ በተራራማው የኢንተርስቴት 70 አውራ ጎዳና ላይ፣ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው ክፍል፣ በሁለት ጎማ የሚነዳ መኪና ከሴፕቴምበር እስከ ሜይ ባሉት ወራት ቢያንስ 4.8 ሚሊ ሜትር ያህል ጥርስ ያለው ለበረዶ የሚፈቀድ ጎማ እንዲኖረው፣ አለበለዚያም የጎማ ሰንሰለት ወይም ተመሳሳይ መሣሪያ እንዲይዝ ታስገድዳለች። በብዙ ግዛቶች ሕጋዊው ዝቅተኛ የጥርስ ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ቢሆንም፣ ያ ልክ ለበረዶ ፈጽሞ አይበቃም።

በዚህ ረገድ አንድ ስሕተት ደጋግሞ ይታያል፤ ይኸውም ወጪ ለመቆጠብ ሲባል የሚገፉት ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ብቻ በብርድ ጎማ መለወጣቸው ነው። እንዲህ የተደረገ ፒክአፕ በቀላሉ ይነሣል፤ ግን መሪውን የሚታዘዙት የፊት ጎማዎች ናቸው፣ ፍሬን ሲያዝም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚጋደል አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠሩት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ መኪናው ፍጥነት ያገኛል፤ ለመታጠፍና ለመቆም ግን እምቢ ይላል። ጎማ በአራት ይለወጣል የሚለው ደንብ የነጋዴ ብልሃት ሳይሆን ከዚህ የመነጨ ነው።

የጎማው አየርም ችላ ሊባል አይገባም። ሙቀቱ በየ5.6 ዲግሪ ሴንቲግሬዱ ሲቀንስ የአየሩ ግፊት 1 ፒኤስአይ፣ ማለትም በጋራዥ የአየር መለኪያ ላይ አንድ ቁጥር ያህል ይወርዳል፤ 20 ዲግሪ በሞቀ ጋራዥ ውስጥ የተነፋ ጎማ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነ ደጅ ሲያድር 7 ቁጥር ያህል ያጣል ማለት ነው። ትክክለኛው ልክ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ የሚገኝ ሲሆን፣ መለካት ያለበትም መኪናው ደጅ አድሮ፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። በአሸዋና በጭቃ አገር ጎማን አስተንፍሶ መሄድ የታወቀ ዘዴ ቢሆንም፣ በረዶ በለበሰ አስፋልት ላይ ግን የመሪውን ትእዛዝ ያዘገያል፣ ጎማውንም ያለ ጊዜው ይጨርሳል። እንዲሁም ለግርማ ተብሎ የሚገጠም ሰፊ ጎማ በበረዶው ላይ ሊንሳፈፍ ይቀናዋል፤ ፋብሪካው ከፈቀዳቸው ልኮች መካከል ጠበብ ያለው በረዶውን ቆርጦ ወደ መንገዱ ስለሚደርስ ይመረጣል።

ከጎማ ቀጥሎ የሚመጣው ክብደት ነው። ከላይ ያለው ስሌት እንዳሳየው ጥቅሙ ትንሽ ቢሆንም እውነተኛ ነው፤ በተለይም ባዶ ፒክአፕ መነሻው ላይ ሲያስቸግርና በጥምዝ መንገድ የኋላው ጫፍ ሲቀል ይረዳል። በዚህ ጊዜ ወሳኙ የክብደቱ ብዛት ብቻ ሳይሆን ቦታውም ነው። በሁለቱ አክስሎች መካከል 3.2 ሜትር ርቀት ባለው ፒክአፕ ላይ 150 ኪሎ አሸዋ ከኋላ አክስሉ 1 ሜትር ወደ ጭራው ቢቀመጥ፣ በኋላ ጎማዎች ላይ 197 ኪሎ ይጨምርና ከፊት ጎማዎች ላይ 47 ኪሎ ያነሣል። አሽከርካሪው ኋላው ስለ ከበደ ይደሰታል፤ ነገር ግን መሪውና ዋናው ፍሬን ያሉበትን የፊት ጫፍ አቅልሏል። አሸዋው ልክ በአክስሉ ላይ ወይም ከአክስሉ ትንሽ ወደ ጋቢናው ተጠግቶ ሲቀመጥ ግን ከፊት ምንም አይቀነስም።

ለዚህ የሚመረጠው በከረጢት የተሞላ ደረቅ አሸዋ ነው፤ በአሜሪካ ሱቆች 60 ፓውንድ፣ ማለትም 27 ኪሎ የሚመዝኑ ረጃጅም ከረጢቶች ለዚሁ ተብለው ይሸጣሉ። አሸዋው መኪናው ሲያዝ ተቀዶ በጎማ ሥር ሊበተን ስለሚችል ሁለት አገልግሎት አለው። ሲሚንቶ ብሎኬት፣ የብረት ቁራጭና የመሳሰለው ጠጣር ነገር ግን መኪናው ከነገር ቢጋጭ ወደ ፊት ተወርውሮ የጋቢናውን የኋላ መስታወት ሊሰብር ስለሚችል ሊጫን አይገባም። አሸዋውም ቢሆን በጠፍር መታሰር ወይም በእንጨት ማዕቀፍ መያዝ አለበት፤ የሚንሸራተት ክብደት በመታጠፊያ ላይ መኪናውን ወደ ጎን ይጎትታልና። በጭነት ቦታው ላይ የወረደውን በረዶ ሳይጠርጉ ለክብደት መተውም ልክ አይደለም፤ መጠኑ አይታወቅም፣ አይታሰርም፣ ቀልጦም ይረጋል። ከሁሉም በላይ ተሳፋሪዎችን ጨምሮ የተጫነው ሁሉ ተደምሮ በበሩ ምሰሶ ላይ ከተጻፈው የጭነት ወሰን ማለፍ የለበትም።

ሦስተኛው ጉዳይ ዲፈረንሻል ነው። ዲፈረንሻል በኋላ አክስሉ መካከል የሚገኝ የጥርሶች ስብስብ ሲሆን፣ መኪናው ሲታጠፍ የውጩ ጎማ ከውስጡ ይልቅ ረጅም መንገድ ስለሚሄድ ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ ያስችላል። ተራው ዲፈረንሻል ለሁለቱም ጎማዎች እኩል የመጠምዘዝ ኃይል ስለሚሰጥ፣ አንደኛው ጎማ ግግር በረዶ ላይ ቆሞ የሚችለው ኃይል ጥቂት ከሆነ፣ ደረቅ መሬት የረገጠው ሌላኛውም ከዚያች ጥቂት ኃይል በላይ አያገኝም፤ አንዱ በከንቱ ሲዞር ሌላው ቆሞ የሚታየው ስለዚህ ነው። ይህን የሚያርሙ ሁለት ዓይነት ዲፈረንሻሎች አሉ። አንደኛው መንሸራተትን የሚገድበው ሲሆን ከኃይሉ ከፊሉን ወደሚይዘው ጎማ ያሻግራል፤ ሁለተኛው ደግሞ የሚቆለፈው ሲሆን ሁለቱን ጎማዎች አንድ አድርጎ ያዞራል። ሁለቱም ከተያዙበት ለመውጣት ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በአንድ ጊዜ ሲያዳልጡ መኪናውን በጎን የሚይዘው ስለማይኖር ጭራው ይወጣል። ስለዚህ ዲፈረንሻል ለጎማ ምትክ ሊሆን አይችልም።

ከዲፈረንሻል ሌላ፣ በዩናይትድ ስቴትስ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ ቀላል ተሽከርካሪዎች ሁሉ፣ ፒክአፑም ጭምር፣ የኤሌክትሮኒክ የሚዛን መጠበቂያ እንዲኖራቸው በሕግ ተደንግጓል። ይህ መሣሪያ መኪናው አሽከርካሪው ካመለከተበት አቅጣጫ ሲያፈነግጥ የአንዱን ጎማ ፍሬን ለይቶ በመያዝ ሊመልሰው ይሞክራል። ሆኖም የሚሠራው ባለው ሰበቃ ላይ ብቻ ነው፤ አዲስ ሰበቃ አይፈጥርም።

ሰንሰለት ለጽኑ ቀን የሚጠበቅ መሣሪያ ነው። በፒክአፑ የኋላ ጎማዎች ላይ ይታሰራል፤ ጥቂት ከተሄደ በኋላ ቆሞ መልሶ ማጥበቅ ያስፈልጋል፤ ፍጥነቱም በአብዛኛው በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ በረዶ የሌለበት አስፋልት ሲደረስም ይፈታል። ሚኒሶታ ነዋሪዎቿ የብረት ጥፍር የተተከለበት ጎማ እንዳይጠቀሙ ስትከለክል፣ ሰንሰለትን ግን ለደኅንነት በሚያስፈልግበት ጊዜ ትፈቅዳለች፤ ስለሆነም በሌላ ግዛት የገዛውን ጎማ ይዞ የሚገባ ሰው ሕጉን አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

መሣሪያው ሁሉ ተሟልቶ የሚቀረው የአነዳዱ ጥበብ ነው። በበረዶ ላይ መነሣት ያለበት በዝግታ ሲሆን፣ ማርሹ በእጅ በሚቀየር መኪና በሁለተኛ ማርሽ መነሣት የጎማውን መዞር ይገታል። ለፒክአፕ በተለይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ በቁልቁለት ላይ ማርሽን በድንገት ዝቅ ማድረግ የሞተሩን መያዝ ወደ ቀለሉት የኋላ ጎማዎች ብቻ ስለሚያስተላልፍ፣ ጭራውን እንደ እጅ ፍሬን ሊያሸሸው ይችላል። ስለዚህ ፍጥነቱ መቀነስ ያለበት ከቁልቁለቱ በፊት ነው። ጭራው ከሸሸም ነዳጁን ቀስ ብሎ መልቀቅና መሪውን መሄድ ወደሚፈለግበት አቅጣጫ ማዞር እንጂ ፍሬን መርገጥ አይገባም። ድልድዮች ከላይም ከሥርም ብርድ ስለሚያገኛቸው ከሌላው መንገድ ቀድመው ይረጋሉ፤ መንገድ ላይ የሚበተነው ተራ ጨውም ሙቀቱ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ አካባቢ ሲያልፍ ኃይሉ እየደከመ ስለሚሄድ፣ ጨው ተረጭቷል ተብሎ በከባድ ብርድ መተማመን አይቻልም። መኪናው በረዶ ውስጥ ተይዞ ሞተሩ እየሠራ የሚቆይ ከሆነ፣ የጭስ መውጫው በበረዶ ተደፍኖ ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ጋቢናው እንዳይገባ በአካፋ መጠረግ ያለበት ከጎማው በፊት ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። በመጀመሪያ አራት የብርድ ጎማዎች፣ ከዚያም ትክክለኛ አየርና በቂ ጥርስ፣ ቀጥሎ በአክስሉ ላይ የታሰረ ደረቅ አሸዋ፣ ከዚያ በሳጥን ውስጥ የሚቀመጥ ሰንሰለትና አካፋ፣ በመጨረሻም ገንዘብ ከተረፈ ልዩ ዲፈረንሻል ይመጣል። አውሎ በረዶ ሲነሣ ደግሞ የመንገድ ባለሥልጣኑ በ511 የስልክ መስመር የሚሰጠውን ማስታወቂያ ሰምቶ ከቤት አለመውጣት ከሁሉ የሚቀድምበት ቀን አለ። ለእንግዳው ወገን ፒክአፕ በማፈላለግ የሚረዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ ሞተሩን ያዳምጣሉ፣ የተጓዘበትን ኪሎ ሜትር ያያሉ፣ ፎር ዊል መሆን አለመሆኑንም ይጠይቃሉ፤ ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ጎንበስ ብለው በአራቱም ጎማዎች ላይ ተራራውንና የበረዶ ቅንጣቱን ቢፈልጉ፣ የገዛው ሰው በበረዶ ላይ የሚሄድ ብቻ ሳይሆን የሚቆም መኪና ይኖረዋል።